መጋረጃና ሐምራዊዎቹ ቱቦዎች

በላቦራቶሪያችን ስሟን የሚጠራ የለም፤ «መጋረጃ» ነው የምንላት። ጠዋት ገብታ ካፖርቷን ሳታወልቅ መጋረጃ ትዘጋለች። የምትሠራበት ሐምራዊ ፈሳሽ የቅጠል ጭማቂ ሲጨመርበት ወደ ቢጫ ይለወጣል፤ ሐምራዊው ይበልጥ በለቀቀ ቁጥር ቅጠሉ ሰውነትን ከጉዳት የሚከላከለው፣ አንቲኦክሲዳንት የሚባለው ንጥረ ነገር በብዛት አለው ማለት ነው። ብርሃን ካገኘው ግን ያለ ቅጠልም ይደበዝዛል። ባሏማ «ቤታችንንም ሲኒማ ቤት አደረገችው» እያለ ያማርራል።

እኔ የላቦራቶሪ ዕቃ አጣቢ ነኝ። አቧራ ሳይ ደሜ ይፈላል። ያን ሰኞ እሷ ምሳ ወጥታ ሳለ፣ ፈሳሹ ያለባቸው የመስታወት ቱቦዎች ግማሽ ሰዓት የሚቆዩበትን ጨለማ ቁም ሳጥን ልወለውል ብዬ ቱቦዎቹን መስኮቱ ላይ ደረደርኳቸው፤ መጋረጃውንም ከፈትኩ፤ ብርሃን እንደሚያበላሻቸው ያኔ አላውቅም ነበር። ስጨርስ ሁሉንም እንደነበረ መለስኩ።

ውጤቱ ጉድ አሰኘ፤ ሐምራዊው ከሞላ ጎደል ጠፍቶ ነበር። የክፍሉ ኃላፊ እጁን እያፋተገ «ሐሙስ በስብሰባው ላይ አቀርበዋለሁ» አለ። አሥራ አንድ ዓመት በኮንትራት የሠራችው መጋረጃም ቋሚ ቅጥሯ በእሱ እጅ ነው።

ምንም ቅጠል ያልገባባት አንዲት ማነጻጸሪያ ቱቦ አለች። ሌሎች ጠዋት አንዴ ይለኳታል፤ መጋረጃ ግን ማታ ሳትደግም አትወጣም። ደገመች። ደብዝዛለች።

«ቁም ሳጥኑን ማን ከፈተው?»

«እኔ ነኝ እታለም... አቧራ ነበረው።»

አልጮኸችብኝም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ቀጥ ብላ ወደ ኃላፊው ቢሮ ሄደች፤ ተከተልኳት።

«ውጤቱ ልክ አይደለም። ቱቦዎቹ ብርሃን ነክቷቸዋል፤ እንደገና እሠራዋለሁ።»

«የቅጥርሽ ደብዳቤ እኮ እዚህ ጠረጴዛዬ ላይ ነው! አርፈሽ ተቀመጪ፤ ማን ያየዋል?»

«ከቁጥሩ ሥር የሚሰፍረው የእኔ ፊርማ ነው። አልፈርምም።»

ጥፋቱ የኔ ነው ልል አፌን ስከፍት ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

ማክሰኞና ረቡዕ እኔ አጠብኩ፣ እሷ ለካች። ዘጠና ቱቦ! ቅጠሉም ከሌላው የማይሻል ተራ ቅጠል ሆኖ አረፈው። ኃላፊው ሐሙስ ባዶ እጁን ሄደ።

አርብ ደብዳቤ መጣላት፤ ኮንትራቷ ለስድስት ወር ተራዝሟል። እንደገና ስድስት ወር! ተናድጄም አፍሬም እዚያው አለቀስኩ። እሷ ወረቀቱን አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችና ከቦርሳዋ አዲስ ቁልፍ አወጣች፤ ለቁም ሳጥኑ ያስገጠመችው ነው። እጄ ላይ አኖረችው።

«አንቺ ያዢው። ቱቦዎቹ ውስጥ እያሉ እኔ ራሴ ብለምንሽ እንኳ እንዳትከፍቺልኝ።»