በሁዳዴ የተውኩት ካፕሱል

መጀመሪያ ያየሁት ክርኔ ላይ የወጣ ቢጫ እብጠት ነው። አያምም፣ አያሳክክም። በደርግ ዘመን ደብረ ታቦር አስተማሪ ነበርኩና ጠረጴዛ ላይ መደገፍ ያመጣው መስሎኝ ተውኩት። ኋላ ዳገት ስወጣ ደረቴን ይጫነኝ ጀመር።

ሐኪሙ ደሜን አዲስ አበባ ልኮ አስመረመረ። ኮሌስትሮልም ትራይግሊሰራይድም የሚባለው የደም ቅባት ከልክ አልፏል። አባቴ በአርባ ዓመቱ አውድማ ላይ ወድቆ መሞቱን ስነግረው መጻፉን አቆመ። እኔ ሠላሳ ስምንቴ ነበር። ምንም አልተሰማኝም።

«ክሎፋይብሬት ይባላል» አለኝ። «ከቅጠል፣ ከሥር የወጣ አይደለም፤ በቤተ ሙከራ ኬሚካል አዋህደው የሠሩት አዲስ መድኃኒት ነው። ይስማማዎት እንደሆነ ደምዎን አይተን እናውቃለን።»

ካፕሱሉን መዋጥ ጀመርኩ፤ ሁዳዴ ገባ። ጤና ጣቢያ ቁስል የሚያክም አንድ ድሬሰር ወዳጄ የካፕሱሉ ልባስ ከከብት ቆዳና አጥንት እንደሚሠራ በጨዋታ መካከል ነገረኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አልዋጥኩም። ለማንም አልተናገርኩም። ጾሙ ሊፈታ ሲል ደም ሰጠሁ።

ውጤቱ መጣ።

«ጥቂት ቀንሷል፤ እሱም ከጾሙ ይመስለኛል» አለ ሐኪሙ። «መድኃኒቱ አልሠራልዎትም፤ አቆመዋለሁ። ሌላ የምሰጥዎ የለኝም።»

አለመዋጤን ሳልናገር ወጣሁ። በሩ ላይ ደረቴ ተያዘ። ግራ ክንዴ ደነዘዘ። መሬት ላይ ተቀመጥኩ። መሞቴ ነው አልኩ። አልፈራሁም። አፈርኩ እንጂ።

ደግፈው መለሱኝ። አልጋ ላይ ሆኜ እውነቱን ተናገርኩ። ሐኪሙ አልተቆጣም፤ ካርዴ ላይ የጻፈውን ሰረዘ። «ከእንግዲህ ለሌላ ሰውም አላዘውም ብዬ ነበር» አለ። የንስሐ አባቴ መጥተው ብልቃጡን አገላበጡት። «ልጄ፣ ይኸ ምኑ ማዕድ ነው? ዋጠው። ለሚቀጥለው ግን ከመተውህ በፊት ጠይቀኝ» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ጠዋትና ማታ ከምግብ ጋር ሳላቋርጥ እየዋጥኩ፣ በፍስኩም ቅቤና ጮማ እየተውኩ፣ መጀመሪያ እስከ ደጅ፣ ቀጥሎ እስከ ትምህርት ቤቱ ቀስ እያልኩ እየተራመድኩ ክረምቱን አሳለፍኩ፤ ገብሱ ሲታጨድ ደሜ ብዙ ተሻሽሎ ተገኘ። አርባ ዓመት ሞላኝ፤ አለፈኝም። የልቤ ድንዛዜ ግን ከውስጤ አልወጣም ነበር፤ ዳንክ ሲሉኝ እንኳ ደስ አላለኝም።

ሐኪሙን አመሰግናለሁ። ያን ውህድ የቀመሙትንም፣ የት እንዳሉ ባላውቅም። የእኔ ዓይነት ሕመም ያለባችሁ ሰዎች፣ መድኃኒቱን ያቋረጣችሁበትን ቀን ሳታፍሩ ለሐኪማችሁ ንገሩ።

አርባን ባለፍኩ በዓመቱ አንበሳሜ ገጠር የሚያርሰው ታናሽ ወንድሜ ያው ሕመም ተገኘበት። ሐኪሙ ያንኑ ክሎፋይብሬት ጻፈለት። ባልናገር ኖሮ አይጽፍለትም ነበር። ወረቀቱን ይዤ ደጅ ወጣሁና አለቀስኩ።