ከሳህኑ ሥር ያለው ስም

ኦርቪል ቶሌፍሰን ሐሞት ከረጢቱን አስወጥቶ ከሆስፒታል ሲወጣ በመኪናዬ ያመጣሁት እኔ ጎረቤቱ ነኝ። መንገዱን ሙሉ አልተናገረም። እኔ ደግሞ ዝምታ አልወድም፤ «እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ሐሞት የለህም ማለት ነው፤ ዱሮም ብዙ አልነበረህም» ብዬ ነካካሁት። ሊስቅ ሲል ሆዱን ያዘና «አታስቀኝ አንተ ሰይጣን! ስፌቱ!» አለኝ። ከዚያ ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ።

የፈራው ሕመሙን አልነበረም። ልጁን ሮንዳን ነው የፈራው። ሮንዳ የምትኖረው ፋርጎ ከተማ ነው፤ ደግ ልጅ ናት፣ ግን አንድ ነገር ከያዘች አትለቅም። የኦርቪል እናት በስተርጅና የልጇን ስም እንኳ ረስታ ነው የሞተችው፤ ሮንዳ ያንን በልጅነቷ አይታለች። እናቷ አርዲስ፣ የኦርቪል ሚስት፣ ከሞተች ወዲህ ደግሞ «አባዬ፣ ብቻህን አትሁን፣ እኔ ጋ ና» እያለች ትነዘንዘዋለች። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ጥቂት ቀን አስታማው ወደ ሥራዋ ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ ቁርጡን ነገረችው።

«ቅዳሜ እመጣለሁ። አንዲት ነገር ተምታቶብህ ካገኘሁህ ይዤህ ነው የምሄደው፤ ቤቱም ይሸጣል።»

ያንን ቤት በገዛ እጁ ነው የሠራው። «ደህና ነኝ» አላት። እኛ የሰሜን ዳኮታ ሰዎች እግራችን ቢቆረጥም ደህና ነን።

ደህና አልነበረም። የተቀደደው ሆዱ ሆኖ ሳለ የሚያመው ቀኝ ትከሻው ነው። ሐኪሙ፣ ሆድህን የነፋንበት አየር ወደ ላይ ወጥቶ ነው፣ ይለቅሃል ብሎታል፤ እሱ ግን «ሆዴን ቀደው ትከሻዬን ካመመኝ የሌላ ሰው አካል ገጥመውልኝ ይሆናል» ይለኛል። ማስታገሻው ደግሞ ጭንቅላቱን አፈዘዘው። የሚተኛው ሳሎን ወንበር ላይ ተደግፎ ነው፤ ጠዋት ይሁን ከሰዓት ሳይለይ ይነቃል፤ ቴሌቪዥን ውስጥ ለሚያወራው ሰው መልስ ይሰጣል። ማቀዝቀዣው ጎረቤት ባመጣው ምግብ ጢም ብሏል፤ ግን ሁሉም አይብና ክሬም ነው፤ ሐሞት ለሌለው ደግሞ ስብ አይስማማም። አንዱን ቢቀምስ ሽንት ቤት ውሎ ወጣ። ስለዚህ በተሞላ ማቀዝቀዣ ፊት ጦሙን ያድራል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነቅቶ ግድግዳ እየደገፈ ወደ ኩሽና ገባ። ምድጃው ላይ ጠርዙ ሰማያዊ አበባ ያለው የመስታወት መጋገሪያ ሳህን ተቀምጧል። ነካው፤ ለብ ያለ ነው።

ይህ ብቻውን አያስደንቅም። እኛ ዘንድ ሰው ሲታመም ጎረቤት በጓሮ በር ሳያንኳኳ ገብቶ ምግብ አስቀምጦ ይወጣል፤ የተኛ አይቀሰቀስም። «ማን አመጣው?» ብሎ መጠየቅ ደግሞ ነውር ነው። የሁሉም ሰው ሳህን ሥር ስሙ በፕላስተር ተለጥፏል፤ ገልብጠህ ታነባለህ፣ ያነበብከውን ሰው ታመሰግናለህ፣ አለቀ። ኦርቪልም ዕድሜውን ሙሉ እንዳደረገው ሳህኑን ቀና አድርጎ ሥሩን አየ።

«አርዲስ» ይላል።

የራሷ እጅ ጽሑፍ ነው። ያቺ ጭራዋን የምትቆለምማት የመጨረሻ ፊደል ሳትቀር።

ዓይኑን አሽቶ ደግሞ አነበበው። ከዚያ ማንኪያ አንስቶ ቀመሰ። ሩዝና ዶሮ ነው፤ ቅቤ የለው፣ ክሬም የለው፣ ግን ገውዝ የሚባለው ቅመም አለው። በዚህ ከተማ ዶሮ ላይ ገውዝ የምትጨምር አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ እሷን ደግሞ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ቀብረናታል። ሣጥኑን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነኝ።

«አመሰግናለሁ» አለ ኦርቪል ጮክ ብሎ። ልማድ ነው፣ ከአፉ አመለጠው።  እኔ ነኝ የሠራሁት ይሆን? ብሎ እጁን አሸተተ። እንቁላል ሲቀቅል የሚያሳርር ሰው! ወይስ አልሞተችም? ቀብሩን በሕልሜ ነው ያየሁት? አለ በልቡ። መኝታ ቤት ገብቶ አየ፤ አልጋው ባዶ ነው። ካፖርቷ የሚሰቀልበትን አየ፤ እሱም ባዶ ነው። ተመልሶ መጣ፤ ሳህኑ አለ። ምኑን ይመን? እናቱንም እንዲህ ነበር የጀመራት፤ የሞተ ወንድሟ ለእራት ይመጣል ብላ በር በሩን ታይ ነበር።

ይህን ሁሉ የነገረኝ በኋላ ነው። ያኔ ደውዬ «እንዴት ነህ?» ስለው «ደህና ነኝ» ብቻ! የማይረባ! አንዲት ቃል ቢተነፍስ ምን ነበረበት?

ምግቡን አንዲት ፍሬ ሩዝ ሳያስቀር በላው። ስንት ቀን ርቦት ኖሮ፣ ሆዱም ተቀበለው። ከዚያ ሳህኑን አጠበና ሮንዳ እንዳታየው ቁም ሳጥን ውስጥ ሹራቦቹ መሃል ደበቀው። ከዚያን ቀን ወዲያ የጓሮ በሩ በነፋስ በተንኳኳ ቁጥር ቀና ይል ጀመር።

ቅዳሜ ሮንዳ ደረሰች። መኪናዋ ውስጥ የታጠፉ የዕቃ ማሸጊያ ካርቶኖች ነበሩ፤ በመስኮቴ አየኋቸው። ብዙም ሳይቆይ ስልኬ ጮኸ።

«ሎይድ፣ እባክህ ቶሎ ና» አለች ሮንዳ።

ስገባ አባትና ልጅ ኩሽና ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ ሳህኑ መሃላቸው ነው። ሮንዳ ንጹሕ ሹራብ ላውጣለት ስትል ነው ያገኘችው።

«የምግብ ሳህን ቁም ሳጥን ውስጥ ምን ይሠራል ሎይድ? ማን አመጣልህ ስለው የሚለኝን ስማ። በል ንገረው አባዬ።»

ኦርቪል ቀና አላለም። መዋሸት ይችል ነበር፤ ግን ውሸት ያልፈጠረበት ሰው ነው።

«እናትሽ» አለ።

ሮንዳ አፏን በእጇ ያዘች። እኔም እውነቱን ልናገር፣ አበቃለት አልኩ በልቤ። ሳህኑን ገለበጥኩት፤ ስሙ አለ፣ የእሷው ጽሑፍ። ጭራሽ እኔም ተምታታብኝ።

«ካርቶኖቹን ላምጣ» ብላ ሮንዳ ተነሳች።

ይሄኔ የጓሮ በሩ ጓ ብሎ ተከፈተ። ሳታንኳኳ የገባችው ቨርና ናት፤ ሁለት ቤት አልፋ የምትኖር፣ የአርዲስ የልብ ጓደኛ። እጇ ላይ ሾርባ ይዛለች።

«ተነሳህ እንዴ አንተ ግንድ! ያን ለት ኩሽና ውስጥ ያንን ሁሉ ዕቃ ሳንኳኳ ንቅንቅ አላልክም እኮ» አለች። ከዚያ ሦስታችንን አየች። «ምነው? ሰው ሞተ?»

ሮንዳ ሳህኑን አነሳች። «ቨርና፣ ይህን ያመጣሽው አንቺ ነሽ?»

«ታዲያ ማን ሊያመጣው ኖሯል?» ሾርባውን አስቀመጠች። «እኔ ሐሞቴን ያስወጣሁ ጊዜ እናትሽ ናት በዚህ ሳህን ያመጣችልኝ። ስብ አትንኪ ተብለሻል ብላ፣ ያለ ቅቤ፣ ያለ ክሬም። አሠራሩንም አልጋዬ ጫፍ ቁጭ ብላ አስተማረችኝ። ከዚያ ሳልመልስላት ሞተችብኝ።»

«እና እስከ ዛሬ...?» አለች ሮንዳ።

«የሰው ሳህን ባዶውን አይመለስም። ሞልቼ እንዳልመጣ፣ እሷ የሌለችበት ኩሽና መግባት አቃተኝ።» ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች። «ኦርቪል እንደኔው ሲሆን፣ በቃ ጊዜው ነው አልኩ። ያኔ የሠራችልኝን ሠራሁለት፣ ገውዙን ሳላጎድል።»

ሮንዳ ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች። «አባዬ! ማን እንዳመጣው ለምን ሰው አልጠየቅህም?»

«ስሙ ሥሩ ላይ ተጽፎ!» አለ ኦርቪል ተቆጥቶ። «እንዴት ብዬ ልጠይቅ? ሰው ምን ይለኛል?»

 እውነቱን ነው፤ እኔም ብሆን አልጠይቅም ነበር።

ካርቶኖቹ ከመኪናው አልወረዱም። ሮንዳ አልቅሳ አልቅሳ ሲወጣላት «በሚቀጥለው ስመጣ ለጨዋታ ነው» ብላ ግንባሩን ስማው ሄደች። ቨርናም ሄደች። እኔ ደስ ብሎኝ ሾርባውን ቀዳሁለት፤ እሱ ግን ሳህኑን ጭኑ ላይ ገልብጦ ተክዟል።

«ምነው ደግሞ?» አልኩት። «ቤትህ ተረፈ፣ ጭንቅላትህም ጤነኛ ነው። ምን ቀረህ?»

«ደህና ነኝ» አለ። አውራ ጣቱን ስሟ ላይ ሄድ መለስ እያደረገ ቆየና፦

«ብቻ ሎይድ፣ ሰሞኑን እኮ ቤት ያለች መስሎኝ ነበር።»