አጥሩ ዝም ያለበት ቀን

ክፍሉ ውስጥ ስገባ መጀመሪያ ያየሁት በፌስታል ታስረው ግድግዳ ላይ የተንጠለጠሉ ልብሶችን ነው። መስኮቱ ጣሪያው ሥር ስለሆነ ብርሃኑ ወለሉ ላይ አይደርስም። ካቦው፣ ማለትም እስረኞቹ የመረጡት የክፍሉ አለቃ፣ የምተኛበትን ቦታ አሳየኝና ደንቡን ነገረኝ፦ ከሰዓት በኋላ ቆጠራው ሲያልቅ አንድ ሰው በተራው የሚያውቀውን ያስተምራል።

የዚያን ቀን ተራው የአንድ አዛውንት የቋንቋ ምሁር ነበር። ስለ አፍሪካንስ ቋንቋ አወሩልን። በደቡብ አፍሪካ ከሆላንድኛ የተወለደ፣ ባለሥልጣናቱ የወጥ ቤት ቋንቋ እያሉ የሚንቁት አነጋገር ነበር። ኋላ አንድ የቋንቋ ሊቅ አጻጻፉን ወሰነለት፣ መዝገበ ቃላት አዘጋጀለት፤ ትምህርት ቤትና መሥሪያ ቤት ገባ። ቋንቋውን አብረው የፈጠሩት የባሮች ልጆች አነጋገር ግን ከመጽሐፉ ውጭ ቀረ። ቆይቶም ያው ትናንት የተናቀው ቋንቋ በጥቁር ተማሪዎች ላይ በግድ ተጫነ።

አስተማሪ ነኝና አላስቻለኝም። "ታዲያ ጥፋቱ የሊቁ ነው?" አልኳቸው።

"አንተ ደግሞ ገና ሳትቀመጥ ፈተና ታወጣለህ" ብለው ሳቁ። ከዚያ "ቋንቋን ማሳደግ አንድ ሥራ ነው፤ የሌላውን አፍ መዝጋት ሌላ ሥራ ነው" አሉ።

ጥግ ላይ የተቀመጠው ወጣት የጋሞ ተወላጅ አንገቱን ደፋ። ምክንያቱን ካቦው አስረዳኝ። ጠባቂው የሚባለውን እንዲረዳ ተብሎ ጠያቂን ማናገር የሚቻለው በአማርኛ ብቻ ነው። የልጁ እናት ደግሞ አማርኛ አያውቁም። ባለፈው ከጨንቻ ድረስ ሲመጡ ልጁ በጋሞኛ ሰላም ስላላቸው ጠባቂዎቹ ወዲያው ወደ ክፍል መለሱት። በማግስቱ እንደገና ሊመጡ ነበር።

በማግስቱ እኛ ከአጥሩ ወዲህ፣ ጠያቂዎች ወዲያ፣ ሁሉም እየጮኸ ያወራል። የልጁ እናት ደረሱ። ጠባቂው ልጁ አጠገብ ቆሞ "በአማርኛ" አለው። ልጁ ዝም አለ። አዛውንቱም ከባለቤታቸው ጋር የጀመሩትን ወሬ አቋረጡ። ቀጥሎ ካቦው፣ ከዚያ እኔ። እህቴ ደንግጣ አየችኝ። ቀስ በቀስ አጥሩ በሙሉ ጸጥ አለ።

"ምን ሆናችኋል? አውሩ እንጂ" አለ ጠባቂው።

በዚያ ጸጥታ ውስጥ እናትየው በራሳቸው ቋንቋ፣ ሳይቸኩሉ፣ ሊሉ የመጡትን ሁሉ አሉ። ጠባቂው የልጁን ክንድ ያዘ፤ ግን ያ ሁሉ ዓይን እያየው አልጎተተውም። ልጁም በጋሞኛ መለሰላቸው።

የሚቀጥለው ጥየቃ ለክፍላችን በሙሉ ተከለከለ። ያማረረ አልሰማሁም።

አሁን ስዊድን ውስጥ፣ ሶለንቱና በምትባል ከተማ፣ እዚህ ለሚያድጉ የሀገሬ ልጆች አማርኛ አስተምራለሁ። ልጆቹ ይገባቸዋል፤ የሚመልሱት በስዊድንኛ ነው። ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪዬ አያቷ ደውለው ያሏትን በስዊድንኛ ስታወራልኝ እናቷ በር ላይ ደረሱ።

"መምህር፣ ይቆጧት እንጂ" አሉኝ።

"ትጨርስ" አልኳቸው።

ጨረሰች። ከዚያ ወንበሬን አስጠጋሁና ያንኑ ታሪክ ከመጀመሪያው በአማርኛ ጀመርን።