የዝዋይ መስመር ግልጽ ነው

ፀዳለ ወልደአማኑኤል ናዝሬት ስልክ ቤት የተቀጠረችው ንጉሡ በወረዱ ማግስት ነው። ከተማው በሰልፍና በመፈክር ሲናጥ እሷ ከማዞሪያው ፊት ተቀምጣ ገመድ ስትሰካና ስትነቅል ትውል ነበር። ማዞሪያ ምን እንደነበረ ለዛሬ ሰው ማስረዳት ይቸግራል። ቁም ሣጥን የሚያህል የእንጨት ሰሌዳ ነው፤ ፊቱ በቀዳዳ ተሞልቷል። አንዳንዱ ቀዳዳ የአንድ ቤት፣ አንዳንዱ የአንድ ከተማ ነው። ሞጆ፣ መቂ፣ ዓለም ጤና፣ ዝዋይ፣ አሰላ፣ ሁሉም እዚያ ላይ አሉ። አንዱ ሲደውል የቀዳዳው ክዳን ጠብ ትላለች፤ ፀዳለ ገመዷን ሰክታ «ናዝሬት» ትላለች። ያቺን አንዲት ቃል ሲሰማ ጉሮሮውን የማይጠርግ ወንድ አልነበረም። መልኳም ቢሆን የሚያስከፋ አልነበረም፤ ግን ስልክ ቤት ለተቀመጠች ሴት መልኳን ማን ያይላታል?

ስልክ ቤቱ ሕግ ነበረው። ኦፕሬተር በመስመር ላይ ከሥራ ቃል በቀር ምንም አትናገርም፤ ካገናኘች በኋላ አታዳምጥም፤ ለአንድ ጥሪ የሚፈቀደው ሦስት ደቂቃ ነው። ይህንን ሦስት ደቂቃ ያወጣው ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ የእኛን አገር ሰላምታ ግን ፈጽሞ ሰምቶ አያውቅም። አንድ የናዝሬት ነጋዴ የሽንኩርት ዋጋ ሊጠይቅ ዓለም ጤና ይደውላል። የልጆቹን ደህንነት ይጠይቃል፣ የአማቱን ይጠይቃል፣ ባለፈው የወለደችውን ላም ይጠይቃል። ፀዳለ ገብታ «ጊዜዎ አልቋል» ስትለው፣

«ኧረ በናትሽ እህቴ፣ ገና እኮ ሰላም እየተባባልን ነው!» ይላታል።

እሷም ሳቋን አፍና ትንሽ ትጨምርለታለች። በዚህ በኩል ሕጉን አክብራ አታውቅም፤ እሰይ ደግ አደረገች እላለሁ።

ከሕጎቹ ሁሉ የምትወደው ግን የጠዋቱን ነበር። ሕዝብ መደወል ከመጀመሩ በፊት ከተሞቹን አንድ በአንድ እየጠራች «ድምፄ እንዴት ይሰማል?» ብላ ትጠይቃለች። መልሱ ከሦስት አንዱ ብቻ ነው፤ «ግልጽ»፣ «ደካማ»፣ ወይም «አይሰማም»። ደካማ ወይም አይሰማም የተባለ መስመር ካለ ሠራተኞች መሰላል ተሸክመው ምሰሶ ለምሰሶ ይሄዳሉ። ግልጽ የተባለውን መስመር ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

በዝዋይ በኩል የሚመልስላት ቀነዓ ይባላል። ያኔ የዛሬዋን ባቱን ሁሉም ዝዋይ ነበር የሚላት። ቀነዓ መቂ አጠገብ ገጠር ተወልዶ ያደገ፣ ሐይቁ ዳር ባለች ትንሽ ጣቢያ ብቻውን የሚሠራ ሰው ነው። ፊት ለፊት ተያይተው አያውቁም። ነገር ግን በየማለዳው፣ ፀዳለ «ዝዋይ፣ ናዝሬት ነኝ፤ ድምፄ እንዴት ይሰማል?» ስትለው፣ ከወዲያ ማዶ ረጋ ያለ ድምፅ «ግልጽ ነው፣ በጣም ግልጽ ነው» ይላታል። «በጣም» የሚለው ቃል በሕጉ ውስጥ የለም። ፀዳለ ያቺን «በጣም» ሰምታ ነው ቀኑን የምትጀምረው። ዓመታት እንዲህ አለፉ። ያ ዘመን የከፋ ዘመን ነበር፤ ሰው ጎረቤቱን የሚፈራበት፣ ወጣቱ ከየቤቱ የሚወሰድበት። በዚያ መካከል አንድ ሰው በየማለዳው ድምፅሽ ደህና ነው ማለቱ ቀላል ነገር አልነበረም።

የሚገርመው፣ የዝዋይ መስመር ከጊዜ በኋላ ግልጽ መሆኑ ቀርቶ ነበር። መጀመሪያ እንደ ዝናብ መንሿሿት ጀመረ፤ ቀጥሎ ድምፁ አንዴ ቀረብ፣ አንዴ ራቅ ይል ጀመር። ደንበኞች እየጮሁ ነው የሚነጋገሩት። ቀነዓ ግን ጠዋት ሲጠየቅ «ግልጽ ነው፣ በጣም ግልጽ» ይላል። ፀዳለ ነገሩ ቢያሳስባት የመስመር ክፍሉን ኃላፊ አቶ አብተውን አናገረቻቸው።

«አቶ አብተው፣ የዝዋይ መስመር ታሟል።»

«ጣቢያው ምን አለ?»

«ግልጽ ነው አለ።»

«እንግዲያው ግልጽ ነው። ልጄ፣ ሕጉ የሚለው የጣቢያውን ቃል ተቀበሉ ነው። የአንቺን ጆሮ ተከትዬ ሠራተኛ በረሃ አልሰድም» አሏት።

ቀነዓ ለምን እንደዚያ እንደሚል ያደገበትን ቤት የሚያውቅ ሰው አይጠፋውም። እዚያ ቤት እንዴት አደርክ የተባለ ሰው በኦሮምኛው «ናጋ»፣ ደህና ይላል። ወገቡ ተሰብሮም ደህና ይላል፤ ሕመሙን የሚናገረው ሰላምታው ሁሉ ካለቀ፣ ከተቀመጠ፣ ውሃ ከጠጣ በኋላ ነው። ለቀነዓ «ድምፄ እንዴት ይሰማል?» የጠዋት ሰላምታ እንጂ የመስመር ምርመራ ሆኖ ታይቶት አያውቅም። ደግሞስ ያንን የመሰለ ድምፅ ላላት ሴት፣ በማለዳ፣ «ድምፅሽ ደካማ ነው» ብሎ የሚመልስ ምን ዓይነት ባለጌ ነው?

ነገሩ የፈነዳው አንድ ትልቅ ሹም ላንጋኖ ሐይቅ ዳር ለዕረፍት በወረዱ ጊዜ ነው። በማግስቱ ናዝሬት መጥተው ንግግር ሊያደርጉ ቀጠሮ ነበራቸው። ሐሳባቸውን ለወጡና ቀጠሮው መተላለፉን ሊናገሩ በዝዋይ በኩል አስደወሉ። የተሰማው ግን መንሿሿት ብቻ ነበር። ፀዳለ መሐል ገብታ ቃሉን ልታሻግር ሞከረች፣ ጮኸች፣ ለመነች፤ መስመሩ ጭራሽ ድርግም አለ። በማግስቱ ቀበሌው ሁሉ ባንዲራና የሙዚቃ ጓድ ይዞ አደባባይ ወጣ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ጥሩምባ ነፊው በረሃብ ወደቀ። ሹሙ አልመጡም፤ አመሻሽ ላይ በመኪና የላኩት ሰው ደርሶ ነው ሕዝቡ የተበተነው።

በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር ብልሽት ተብሎ አይታለፍም፤ አሻጥር ነው የሚባለው። አሻጥረኛ የተባለ ሰው ደግሞ ወዴት እንደሚወሰድ ማንም ጮክ ብሎ አይጠይቅም። ጓድ ጆቴ የሚባሉ መርማሪ ስልክ ቤቱ መጡ። የወለጋ ሰው ናቸው፤ ፊታቸው ላይ ሳቅ ኖሮ የሚያውቅ አይመስልም። አቶ አብተው ነገሩን ዘረዘሩላቸው። መስመሩ ለወራት ታሞ ኖሯል፤ የዝዋዩ ሠራተኛ ግን በየማለዳው ግልጽ ነው ሲል ከርሟል።

«ሆን ብሎ ደብቋላ» አሉ ጓድ ጆቴ።

ማስታወሻ ደብተራቸውን ከፍተው ስሙን ጻፉ።

«ነገ ጠዋት እኔው ራሴ አዳምጣለሁ። መስመሩ እየተንሿሿ ግልጽ ነው ካለ፣ ሌላ ማስረጃ አያስፈልገኝም። እስከዚያ ማንም እንዳያናግረው።»

ፀዳለ ያን ዕለት ቤቷ ገብታ እህል አልቀመሰችም። ነገ «ድምፄ እንዴት ይሰማል?» ትለዋለች፤ እሱ «በጣም ግልጽ» ይላታል፤ በዚያች በምትወዳት ቃል ሰውየው ይበላል። አሳልፋ የምትሰጠው እሷው ናት፣ በገዛ ድምፅዋ። እናቷ ወይዘሮ ጥሩነሽ «ምን ሆነሻል?» ቢሏት፣ «ደህና ነኝ እማዬ» አለች። ይህን ካለች በኋላ ነው ነገሩ የበራላት። እሷም እኮ ደህና አልነበረችም።

ጠዋት ጓድ ጆቴ ሁለተኛውን ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ አድርገው ከጎኗ ተቀመጡ። አቶ አብተው ከኋላ ቆሙ። ፀዳለ ገመዱን ሰካች። መስመሩ እንደ ልማዱ ይንሿሿል።

«ዝዋይ፣ ናዝሬት ነኝ» አለች። ቀጥላ መጠየቅ የነበረባትን ትታ፣ በመስመር ላይ ተናግራ የማታውቀውን የኦሮምኛ የጠዋት ሰላምታ ተናገረች። «አካም ቡልቴ፣ ቀነዓ?»

አቶ አብተው ትከሻዋን ሊይዙ ሲሉ ጓድ ጆቴ በእጃቸው ከለከሏቸው።

ከማዶ የተደናገጠ፣ ግን ደስ ያለው ድምፅ መጣ። «ናጋ፣ ገለታ ዋቃ! ናዝሬት፣ አንቺስ?»

«ናጋ። ቤተሰብ ናጋ?»

«ናጋ።»

«ከብቱ ናጋ?»

«ናጋ፣ ናጋ።»

«ልጆቹ?»

«ናጋ፣ ዋቃ ይመስገን።»

ፀዳለ ቀጠለች። «ባለቤትህስ ደህና ናት?»

«ደህና ናት፣ በጣም ደህና ናት» አለ ቀነዓ።

«መስመሩስ? ድምፄ እንዴት ይሰማል?»

«ግልጽ ነው፣ በጣም ግልጽ ነው።»

ፀዳለ ገመዱን ነቅላ ወደ መርማሪው ዞረች። «ጓድ፣ ይህ ሰው ሚስት የለውም» አለች። «አቶ አብተውን ይጠይቁ።»

«የለውም» አሉ አቶ አብተው። «ልጅም የለው። ከብትማ በስልክ ቤት ደመወዝ ከየት ይመጣል?»

ጓድ ጆቴ ማዳመጫውን ከጆሯቸው አውርደው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ፀዳለ አበቃልን፣ ሁለታችንም አበቃልን ብላ አሰበች።

«እናቴ» አሉ በመጨረሻ፣ «ልትሞት ስታጣጥር ሐኪሙ እንዴት ነሽ ቢላት፣ ናጋ አለችው። ደህና ናት ብሎ ወደ ቤቷ መለሳት።» መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት። «ይህ አሻጥር አይደለም። ጥፋተኛው ጥያቄያችሁ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው እንዴት ነህ ብሎ የሚጠይቅ ምን መልስ ሊያገኝ ነው?»

በዚሁ ሕጉ ተለወጠ። ከእንግዲህ እንዴት ይሰማል ተብሎ አይጠየቅም፤ አንዱ ወገን ቃላት ይጠራል፣ ሌላው የሰማውን ይደግማል። መድገም ያቃተው መስመር ታሟል ማለት ነው። ሠራተኞቹም በዚያው ሳምንት ወጥተው በመቂና በዝዋይ መካከል ምስጥ የበላው ምሰሶ ወድቆ አገኙ። ለእነዚያ ወራት ሁሉ ሽቦውን ደግፎ የያዘው አንድ ግራር ነበር።

አዲሱ ሕግ ምን ዓይነት ቃል እንደሚጠራ አይናገርም። ይህንን ክፍተት ሁለቱም ለማየት ጊዜ አልፈጀባቸውም። ፀዳለ «ሐይቅ፣ ታንኳ፣ ዓሣ» ትላለች፤ ቀነዓ ይደግማል። ቀነዓ «ብርቱካን፣ ባቡር፣ ሠርግ» ይላል፤ ፀዳለ ትደግማለች፣ የመጨረሻዋን ዝቅ አድርጋ። አቶ አብተው አጠገቧ ሲያልፉ ሥራዋን በትጋት የምትሠራ ልጅ ነው የሚያዩት። አንድ ጠዋት ቀነዓ ቃል የመጥራት ተራው ደርሶ፣

«ቅዳሜ። ናዝሬት። እመጣለሁ» አለ።

ሕግ ነውና መድገም ነበረባት። «ቅዳሜ። ናዝሬት።» ከዚያ ትንሽ ቆይታ፣ «እመጣለሁ» አለች።

«ግልጽ ነው» አለ ቀነዓ።

ቅዳሜ መጣ። ቀጠን ያለ፣ ጠይም፣ ሸሚዙ እስከ አንገቱ የተቆለፈ ሰው በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ዓሣ ይዞ ስልክ ቤቱ ደጃፍ ቆሟል። ፀዳለ ከድምፁ ተነስታ ወፍራም ሰው ነበር የጠበቀችው። እሱም ምን እንደጠበቀ እንጃ። ለዓመታት በሽቦ የተነጋገሩ ሰዎች ፊት ለፊት ሲገናኙ ቃል ጠፋቸው። በመጨረሻ ቀነዓ መሬት መሬት እያየ፣

«ያን ዕለት ስለ ባለቤቴ ጠይቀሽኝ ነበር» አለ። «ደህና ናት ብያለሁ። ቃሌ ውሸት ሆኖ እንዳይቀር ብዬ ነው የመጣሁት።»

ወይዘሮ ጥሩነሽ የልጁ ቤተሰብ ጴንጤ ነው ብለው አንድ ክረምት ሙሉ አኩርፈው ነበር። በኋላ ግን ሽማግሌ ገብቶ ታረቁ፤ የቀነዓን ዓሣ ከማንም በላይ የሚወዱትም እሳቸው ሆኑ። ቀነዓ ናዝሬት ተዛውሮ መጣ። ማዞሪያውም አንድ ቀን ተነቅሎ በአህያ ጋሪ ተጭኖ ሄደ። አውቶማቲክ የሚሉት ገባ፤ ሰው በጣቱ ቁጥር እያዞረ ራሱን በራሱ አገናኘ። ፀዳለ ጋሪው ጥጉን እስኪታጠፍ ቆማ እያየች አለቀሰች፤ ማልቀስም ይገባታል። ከተማው ሁሉ በእሷ ድምፅ ሲያልፍ የኖረበት ዘመን በዚያ ጋሪ ላይ ነበር።

ዛሬ ሁለቱም አርጅተዋል። የቀነዓ ጆሮ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ እየደከመ ነው። በር ሲንኳኳ አይሰማም፤ ሬዲዮውን ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ ያስጮኸዋል። ሐኪም ዘንድ እንሂድ ቢባል ምን ሆኜ ይላል። ፀዳለ ግን ጠዋት ጠዋት፣ እንደ ድሮው፣ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ፣

«ዝዋይ፣ ናዝሬት ነኝ፤ ድምፄ እንዴት ይሰማል?» ትለዋለች።

ከንፈሯን በትኩረት ያያል። ከዚያ ፊቱ ይፈካል።

«ግልጽ ነው፣ በጣም ግልጽ ነው» ይላታል።

ፀዳለ ሕጉን አልረሳችውም። ቃል ጠርታ ድገም ልትለው ትችላለች። አንድ ቀን እንኳ ድገም ብላው አታውቅም።