አያ ያየህ በቀጥቃጩ ቤት ያወጣው መስኮት

በሃምሳዎቹ ዓመታት ወረታ ገበያ ሲወጣ ከእህሉ ጋራ መጽሐፍ በአቁማዳ የሚይዝ ገበሬ አንድ ብቻ ነበር፤ የቁሐር ሚካኤሉ አያ ያየህ። መጽሐፉ አንድ የመንገድ ሥራ መሐንዲስ ትቶለት የሄደ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ነው። ጠዋት ዳዊቱን ደግሞ ሲጨርስ አንዲት ቃል ይመርጣል፤ ያልገባውን የወረታውን መምህር ይጠይቃል። እኔንም ፊደል ያስቆጠረኝ እርሱ ነውና ነፍሱን ይማር።

ያገኘውን ቃል መጀመሪያ የሚነግረው ለወዳጁ ለብረት ቀጥቃጩ ለአበረ ነበር። አንድ ቀን ሁለት ቃላት ይዞ መጣ።

«ዊንዶው፣ መስኮት ማለት ነው። ባሕር ተሻግረው የመጡ የሰሜን ሰዎች ያመጡት ቃል ነው፤ ፍችው የነፋስ ዓይን።»

«ነፋስም ዓይን አለው?» አለ አበረ፣ ጭስ ያስለቀሰውን ዓይኑን እየጠረገ። «እንግዲህ እሱንም ቡዳ ይሉታላ!»

እስኪያስላቸው ሳቁ።

«ኮምፓኒየን ደግሞ ከላቲን ነው። ዳቦ አብሮ የሚበላ ማለት፤ ልክ የእኛ ባልንጀራ ባለ እንጀራ እንደ ማለት። ከዊንዶው ጋራ አይዛመዱም፤ ሁለት እንግዶች ናቸው፣ አንድ ቤት ያገናኛቸው።»

አበረ መዶሻውን አስቀመጠ። በአገሩ ልማድ ገበሬ ከቀጥቃጭ ማረሻ ያሠራል፣ ይጫወታል እንጂ ዓይኑን ፈርቶ ከቤቱ አይበላም። አያ ያየህም ያን ሁሉ ዓመት ከአበረ ቤት ቀምሶ አያውቅም።

«ታዲያ እኔ ምንህ ነኝ?» አለው።

አያ ያየህ መጽሐፉን ይዞ ወጣ። አበረም ለሚስቱ ለይታይሽ «ወዳጄን በአፌ አባረርሁት» አላት።

በገበያው ቀን ግን አያ ያየህ ዶማ ይዞ መጣና በመንገዱ በኩል ያለውን ግድግዳ ይበሳ ጀመር።

«አያ ያየህ! ቤቴን ልታፈርሰው ነው?» አለች ይታይሽ።

«የነፋስ ዓይን ላወጣለት ነው። ባልሽን እኮ ጭሱ ሊያሳውረው ነው። ይልቅ ምሳ አለሽ? ርቦኛል።»

ይታይሽ ባሏን አየችው። ባሏ መሬት መሬቱን አየ። ከዚያ ሽሮውን አቀረበች።

አያ ያየህ ከአዲሱ መስኮት ሥር፣ ገበያተኛው ሁሉ በሚያየው ቦታ ተቀመጠ። አማትቦ ቆረሰ።

«አያ ያየህ፣ አትፈራም?» አለ አንዱ ከመንገድ አንገቱን አስግጎ።

«አምላኬን አመስግኜ ነው የምበላው፤ ምን እፈራለሁ? ወጡም ግሩም ነው። ግባ!»

ሰውየው አልገባም። አያ ያየህ ግን ስለ ኮምፓኒየን ሊያስረዳው ሲጀምር፣ አበረ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ አፉን ሞላው።

«መጀመሪያ ዋጥ!» አለው።