የሚዳቋዋ ወርች

ፍኖተ ሰላም የምኖርበት ግቢ ዙሪያው ሽቦ ነው። ዝናብ ሲመታው የዛገ ብረት ይሸታል፤ ያን ጊዜ ቡሬ ገጠር ያለው የጎረቤታችን አጥር ድቅን ይልብኛል።

ጎረቤታችን የአባቴ አበልጅ ነበር። አባቴ ደግሞ አዳኝ። በእኛ አገር አዳኝ ያቆሰለውን አውሬ ተከትሎ የማንም መሬት ላይ ይገባ ነበር፤ አውሬው ለወደቀበት መሬት ባለቤት አንድ ወርች ይደርሰዋል።

አበልጁ መሬቱን ያጠረው በክፋት አልነበረም። ከከተማ የመጡ አዳኞች ውሻ ለቀው ዳጉሳውን ስለረጋገጡበት ማንንም ላያስገባ ምሎ ነው።

እኔ ከቡሬ ተማሪ ቤት ለእረፍት በመጣሁበት ሰሞን፣ አባቴ ያቆሰላት ሚዳቋ በሽቦው ሥር ሾልካ የአበልጁ ባሕር ዛፍ ውስጥ ገባች። ሽቦው ላይ ደምና ጸጉር ቀረ።

«አበልጄ፣ ሳትሞት ልባርካት» አለ አባቴ፣ ባርኔጣውን አውልቆ። በስመ አብ ተብሎ ሳይታረድ የሞተ በክት ነው፤ አይበላም።

«ለእርስዎ ብከፍት ለሌላው ምን ብዬ እዘጋለሁ? እኔው እባርካታለሁ» ብሎ ገባ።

ጩኸቷ ይሰማን ነበር። እሱ ግን ደም መከተል የት ያውቃል! አባቴ ሽቦውን ጨብጦ «ወደ ግራዎ! ወደ ግራዎ!» ይላል። ጀንበር ሳትጠልቅ ጩኸቷ ቆመ።

በማግስቱ የአበልጁ ሚስት በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ወርች ይዛ መጣች።

«ደርሶ ባርኳታል፤ ድርሻዎ ነው ብሏል» አለች፣ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሳ።

የባለ መሬቱ ድርሻ ለአዳኙ! አባቴ ቅጠሉን ገለጥ አደረገው። ደሙ ሥጋው ውስጥ ረግቶ ጠቁሯል። በነፍስ ሳለ የታረደ እንደዚያ እንደማይጠቁር እኔም አውቃለሁ።

«እግዜር ይስጥልኝ በይልኝ» ብሎ ሸኛት። ራቅ ስትል «ጓሮ ቅበሪው፤ ለማንም እንዳትናገሪ» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ለአደን ወጥቶ አያውቅም።

ከዓመታት በኋላ አበልጁ የሞት አልጋው ላይ ሆኖ አባቴን አስጠራው።

«አበልጄ፣ ያቺን ወርች በላችኋት?»

«አልበላናትም። ቀብረናታል።»

«በክት አበላኋቸው እያልኩ ስንት ዓመት ቆርቤ አላውቅም» አለው፤ «ምነው ያኔ ቢነግሩኝ?»

አባቴ ይህን አውርቶኝ ሲጨርስ፣ «እንዳያፍር ብዬ ነበር እኮ» አለኝ።