በምታፈስ መኪና ከደሃና ወደ ሰቆጣ

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ሰቆጣ

ሰፈሩ በቅጡ ሳይነቃ መኪናዬን ከግቢ አወጣሁ። ኋላ ወንበር ላይ ሁለት ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ውሃ ጭኛለሁ፤ ለእኔ ሳይሆን ለእሷ። ዕድሜዋ ከእኔ በሁለት ዓመት ይበልጣል፤ እኔም ልጅ አይደለሁም። ጉዳዬ አንድ ነው፤ ደሃና ሄጄ መሪጌታ ሐዲስን ይዤ እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ሰቆጣ መመለስ።

ከሌላ ከተማ የመጡ የዓይን ሐኪሞች ሆስፒታሉ ውስጥ የዓይን ሞራ ሲያወጡ ሰንብተዋል። ያ ዕለት የመጨረሻቸው ነበር፤ ምዝገባው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይዘጋል። መቼ ተመልሰው እንደሚመጡ የሚነግረኝ አላገኘሁም። ወሬውን የሰማሁት በዋዜማው ስለነበር የመሪጌታ ጎረቤት ዘንድ ደውዬ ጠዋት እንደምደርስ ነገርኩ። ከደሃና የሚነሳው የሕዝብ መኪና እስከ ዘጠኝ ሰዓት አያደርስም። የእኔዋ ታፈሳለች ብዬ ግን ትንፍሽ አላልኩም።

መሪጌታን ላስተዋውቃችሁ። ከደብረ ታቦር በባዮሎጂ መምህርነት ተመድቤ ስመጣ የመጀመሪያ ትምህርት ቤቴ ደሃና ነበር፤ የኖርኩትም እሳቸው ግቢ ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ነው። ድጓ ያስተምራሉ። ድጓ ከፊደሉ በላይ የተጻፉትን ጥቃቅን ምልክቶች እያዩ የሚያዜሙት ስለሆነ ዓይን ይፈልጋል። የእሳቸው ዓይን በሁለት ዓመት ውስጥ ደከመና ጠፋ። ከአሥራ አራት ተማሪዎቻቸው የቀሩት ሁለት ናቸው፤ ሌሎቹን ራሳቸው መርቀው ሌላ መምህር ዘንድ ልከዋቸዋል። ይህን የሰማሁ ቀን አልቅሻለሁ።

አሁን ደግሞ ስለ መኪናዋ። ጠዋት ጠዋት ራዲያተሯ ሥር የውሃ ኩሬ አገኛለሁ። ራዲያተሩን ሁለት ጊዜ አስበይጄዋለሁ፣ ክዳኑን ቀይሬያለሁ፣ ባልደረባዬ በመከረኝ መሠረት እንቁላል ሰብሬ ጨምሬበታለሁ። ከእንቁላሉ የተረፈኝ ሽታው ነው። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጬ፣ መሬት ለሚጠጣው ነገር ኩላንት የሚባለውን የራዲያተር ፈሳሽ አልገዛም ብዬ የቧንቧ ውሃ ብቻ አጠጣት ጀመር።

ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ደሃና

መጋቢት ነው፤ ተራራው ሁሉ ተራቁቶ አጥንቱ ወጥቷል። ገብሱ ከታጨደ ቆይቷል፤ ከየቤቱ አጠገብ የተከመረው ጭድ ብቻ ቢጫ ሆኖ ይታያል። ኮረኮንቹ መንገድ ላይ የሙቀት መጠቆሚያው ከፍ ባለ ቁጥር ቆሜ፣ ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቄ ሞላሁ። እስክደርስ ሦስት ጊዜ መሆኑ ነው። ከተማዋ መግቢያ ላይ በመቶ ሃያ ብር ሽሮ በላሁ። ጥሩ ሽሮ ነበር፤ ሰዓቱን እያየሁ ስለጎረስኩት ግን ያለ ክብሩ ሆዴ ገባ።

መሪጌታ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው በር ላይ ቆመው ነበር። የሞተሩን ድምፅ ሲሰሙ ፊታቸው በራ። በዘንግ መንገዱን እየነኩ መጥተው መኪናዋን ከፊት እስከ ኋላ በእጃቸው ዳሰሷትና "ግሩም ነው፣ ባለ መኪና ሆነሻል" አሉ። እፍረቴን ውጬ በሩን ከፈትኩላቸው።

ስድስት ሰዓት ሲሆን፣ መንገድ ላይ

ሰቆጣ ለመድረስ ግማሽ መንገድ ሲቀረን አንድ ረጅም ዳገት ላይ መጠቆሚያው ቀዩን ነካ። ጠርዝ ይዤ ቆምኩ። ኮፈኑን ስከፍት እንፋሎቱ ፊቴን ሊልጠኝ ነበር። ሁለቱም ጀሪካኖች ባዶ ናቸው። ሰው የጫነ መኪና ቢያልፍ አስጭኜ እልካቸው ነበር፤ ግን ምንም አላለፈም።

ከቁልቁለቱ ሁለት ጀሪካን የጫነች አህያ እየነዱ አንዲት ሴት መጡ። እትዬ ፀዳለ ይባላሉ፤ ቤታቸው ከመንገዱ በላይ ያለው የድንጋይ ቤት ነው። ከመሪጌታ ጋር በአካባቢው ቋንቋ በኽምጣኛ ሰላምታ ተለዋወጡ፤ ለእኔ ወደ አማርኛ ዞሩልኝ። ሳንጠይቃቸው በጣሳ ውሃ ቀዱልን። መሪጌታ በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አይቀምሱም፤ የእሳቸው ድርሻ ለመኪናዋ እንዲሆን አዘዙ። ሞተሩ ሲበርድ ያንን ጣሳ ጨመርኩ፣ እትዬ ፀዳለ ሁለት ጣሳ ደገሙኝ። ወዲያው መሬቱ ረጠበ። እኔም ሙሉውን ጀሪካን ይስጡኝ ብዬ ለመንኳቸው።

እጃቸውን ጀሪካኑ ላይ አሳረፉ።

"ለሰው ውሃ ከልክዬ አላውቅም" አሉኝ። "ይህን ለመቅዳት ግን ከቤቴ የወጣሁት ዶሮ ሳይጮህ ነው። መሬት እንዲጠጣው አልሰጥሽም። በፊት የሚወጣበትን እንፈልግ፤ ከዚያ ጀሪካኑ ያንቺ ነው።"

ደሜ ፈላ። መካኒክ ያላገኘውን ማን ሊያገኘው ነው፤ ሰዓቱ ይሄዳል፤ ሽማግሌ ይዣለሁ። ይህን ሁሉ በትሕትና ቃል ጠቅልዬ ልናገር ስል መሪጌታ ከመኪናው ውስጥ ቀደሙኝ።

"ልጄ፣ ዛሬ ስንት ጊዜ ሞላሻት?"

"አምስት ጊዜ።"

"ስንት ጊዜስ ፈለግሽ?"

ተማሪዎቼን ሳታዩ አትደምድሙ እያልኩ የማስተምር ሰው ነኝ።

እትዬ ፀዳለ የት እንደሚያፈስ ጠየቁኝ። ጎንበስ ሳልል ከፊት ነው አልኩ። እሳቸው ጎንበስ አሉና ከሾፌሩ እግር ሥር፣ ከሞተሩ ኋላ የሚንጠባጠበውን አሳዩኝ። ፊት ለፊት ያለው አፈር ደረቅ ነበር። ያኔ ነው የገባኝ። ጠዋት ባትሪዋ ስለሚሰንፍ፣ ተገፍታ እንድትነሳ ሁልጊዜ ግቢዬ ውስጥ አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለቱ አድርጌ ነው የማቆማት። ከኋላ የወጣው ውሃ በሞተሩ ጎን ባለው ቀጭን የብረት ቧንቧ ላይ እየተንሸራተተ ወርዶ ራዲያተሩ ሥር ይንጠባጠባል። ዳገት ላይ ስትቆም ደግሞ ኋላ ይቀራል። ያ ምስኪን ራዲያተር ሁለት ጊዜ በከንቱ ተበይዷል።

እትዬ ፀዳለ ቤታቸው ወጥተው የተነፋ አመድ በቆርቆሮ ይዘው ወረዱ። እንስራ ሲያዥ ስንጥቁ በዓይን ስለማይታይ ውጪውን አድርቀው አመድ ይነሰንሱበታል፤ ውሃ ሲሞላ አመዱ ቀድሞ የሚጠቁርበት ቦታ ስንጥቁ ነው። የሞተሩን ኋላ በፎጣዬ አደረቅነው፣ አመዱን በተንነው። ሞተሩን ሳናስነሳ ሁለት ጣሳ ውሃ ጨምረን አንገታችንን ደፍተን ጠበቅን። ወደ መኪናዋ ውስጥ ሙቀት የሚያስገባው ቀጭን የጎማ ቱቦ ከብረቱ ቧንቧ ጋር የሚገናኝበት ጫፍ ላይ የምስር ፍሬ የምታክል ጥቁር ነጥብ ወጣች። ከዚያ ሰፋች።

"እሱ ነው" አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ቱቦውን ስነቅለው ጫፉ ደርቆ ተሰንጥቋል፤ የብረት ማሰሪያውም ዝጎ እጄ ላይ ተሰበረ። ደግነቱ ቱቦው ረዘም ያለ ነው። ሁለት ጣት የሚያህለውን የተሰነጠቀ ጫፍ በቢላ ቆርጬ ጤነኛውን ክፍል መልሼ ሰካሁት። ማሰሪያ ስፈልግ እትዬ ፀዳለ ከአህያዋ ጭነት ላይ አንድ የከመነዳሪ ቁራጭ ፈቱልኝ፤ በዚህ አገር ጭነት የሚታሰረው በአሮጌ የጎማ ውስጥ ላስቲክ ነው። እየወጠርን ደጋግመን ጠመጠምንበት። ከዚያ ጀሪካኑን ራሳቸው አንስተው ሞሉልኝ። አመድ ደግመን ነሰነስን፤ ደረቅ እንደሆነ ቀረ።

ከደስታዬ ብዛት አቀፍኳቸው፤ ነጠላቸውንም አመድ አደረግሁት። ግፊቱ እንዲቀንስ የራዲያተሩን ክዳን እስከ መጨረሻው ሳላጠብቅ፣ በዝግታ ዳገቱን ወጣሁ። መጠቆሚያው መሐል ላይ እንደቆመ ቀረ። መሪጌታ አጠገቤ በለሆሳስ ያዜማሉ። እኔ መንገዱን ማየት ሲገባኝ መጠቆሚያውን እያየሁ ሰቆጣ ገባሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው፣ ሆስፒታል

መዝጋቢዋ እስክሪብቶዋን ወደ ኪሷ እየከተተች ነበር። አመድ የለበሰ ልብሴን አየች፣ የመሪጌታን ዘንግ አየች፣ እስክሪብቶውን መልሳ አወጣች። ስማቸው በዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ተጻፈ። ማታ አንድ ዓይናቸው ታሽጎ ቤቴ አሳደርኳቸው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ሰቆጣ

ፋሻው በማግስቱ ተነሥቷል። መጀመሪያ ያነበቡት ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የእጅ መታጠቢያ ማስታወቂያ ነው፤ ፊደል በፊደል፣ በዜማ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ነርሷም እኔም ሳቅን፤ ከዚያ እኔ ብቻዬን አለቀስኩ።

እስከዚያው አዲስ ቱቦና ማሰሪያ አስገባሁ፤ ኩላንትም ገዛሁ። ከጉዞው የተማርኩት ብዙ አይደለም። ውሃው የሚንጠባጠብበት ቦታና የሚወጣበት ቦታ የተለያዩ ናቸው። እኔ ደግሞ መሙላት ስለቀለለኝ ሁለት ዓመት ሙሉ መፈለግን ትቼ ነበር። እትዬ ፀዳለ አመድ ይዘው እስኪመጡ መጠበቅ አልነበረብኝም፤ ጎንበስ ማለት ይበቃኝ ነበር።

መሪጌታን ወደ ደሃና ልመልስ ስወጣ ለእትዬ ፀዳለ ሁለት ሙሉ ጀሪካን ውሃ ጭኜ ነበር። መሪጌታ ከቤት ወጥተው መኪናዋ ፊት ቆሙ። የተሰነጠቀውን መስታወት፣ የረገፈውን ቀለም፣ በሽቦ የታሰረውን የኋላ መብራት፣ ኮፈኑ ላይ የቀረውን አመድ አንድ በአንድ አዩ። ዙሪያዋን አንዴ ዞሩ።

"ልጄ፣ ያን ጊዜ ባያት ኖሮ አልሳፈርም ነበር" አሉ።

በሩን ራሳቸው ከፍተው ገቡ።